የቧንቧ ውሃችንን ለኮራል እንዲስማማ ላደረጉልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያና በአካባቢው ለምንኖር፣ በቤታችንም የባሕር አኳሪየም ለምንንከባከብ ወገኖች ሁሉ እጅግ የሚጠቅሙ አንድ ባለሙያ ለመጠቆም፣ በዚያውም የሚገባቸውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ሲሆኑ የቤት ውስጥ የውሃ ማጣሪያ በመግጠምና በመጠገን ለብዙ ዓመታት የሠሩ አባት ናቸው።

የእኔ አኳሪየም ትንሽ ነው፤ 20 ጋሎን፣ ማለትም 75 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሁለት ክሎውን ዓሣዎች፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች፣ አንድ ሽሪምፕና ለስላሳ ኮራሎች፣ ማለትም ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት፣ ይኖሩበታል። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ውሃ ስቀይርለት ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ቀድቼ፣ በባልዲ አሳድሬ፣ ጨው በጥብጬ ጨመርኩበት። የቧንቧ ውሃን ከጀርም ለመጠበቅ የሚጨመረው ክሎሪን ሲያድር ተንኖ ይጠፋል የሚለውን ምክር ከብዙ ሰዎች ስለሰማሁ የሚጎዳ አልመሰለኝም ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ኮራሎቹ ተኮማትረው ተዘጉ፣ ከቀንድ አውጣዎቹም ሦስቱ ሞቱ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ደግሞ ድንጋዩና መስታወቱ በአልጌ ተሸፈነ። ሕይወት ያለውን ፍጡር በገዛ እጄ እንደጎዳሁ ሲገባኝ እጅግ አዘንኩ፤ ማጣሪያ ልግዛ ብዬም እኒህን ባለሙያ በጓደኛዬ በኩል አገኘኋቸው።

ቤት ሲመጡ ዕቃቸውን ከመፍታታቸው በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ታንኩ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ በሳምንት ስንት እንደምቀይርና በቀን ምን ያህል እንደሚተን ጠየቁኝ። ያደረግሁትን ስነግራቸው «ልጄ፣ የእናንተ ውሃ ክሎራሚን ነው ያለበት፤ እሱ ደግሞ አደረ ተብሎ አይወጣም» አሉኝ። ከዚያም በእርጋታ አስረዱኝ። የአርሊንግተን ውሃ የሚመጣው በአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ከሚተዳደረው ዋሽንግተን አኳዳክት ሲሆን፣ ድርጅቱ የፖቶማክን ወንዝ አጣርቶ ለእኛም ለዋሽንግተን ዲሲም ያከፋፍላል። ከ2000 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ውሃው በቧንቧ የሚጓዘው ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተጣምሮ በሚሠራው ክሎራሚን ተጠብቆ ነው፤ የተመረጠውም በረጅም መስመር ላይ ቶሎ ስለማይጠፋ ነው። ለውጡ በዲሲ ከአሮጌ ቧንቧዎች እርሳስ እንዲፈታ ምክንያት በመሆኑ፣ ከ2004 ወዲህ ቧንቧውን ከውስጥ የሚሸፍን ኦርቶፎስፌት ይጨመርበታል። ለሰው ጤና ጥበቃ የሆነው ይህ ፎስፌት በኮራል ታንክ ውስጥ ግን የአልጌ ቀለብ ነው። ድንጋዬ አረንጓዴ የሆነበት ምክንያት የተገለጠልኝ በዚያች ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩልኝ፤ ይህንን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም። በየዓመቱ በጸደይ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ግንቦት መግቢያ ባሉት ሳምንታት፣ መስመሩን ለማጽዳት ሲባል ውሃው ያለ አሞኒያ በነጻ ክሎሪን ብቻ ይላካል። በሚያዝያ ውሃ አሳድሮ የተሳካለት ሰው ያንኑ በሐምሌ ሲደግም የሚጎዳው በዚህ የተነሳ ነው። የቤታችን ቧንቧ መዳብ መሆኑም ሌላ ችግር ነበር፤ ሕጉ ለመጠጥ ውሃ እርምጃ የሚጠይቀው መዳቡ በሊትር 1.3 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ሲሆን፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ መጠን ይገድላቸዋል።

እኔ በየመደብሩ ዞሬ የሰበሰብኳቸውን ውሃዎች በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው በቲ ዲ ኤስ መለኪያ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሟሙ ጨዎችንና ማዕድናትን በግምት በሚያሳየው መሣሪያ፣ አንድ በአንድ ለኩልኝ። የቧንቧው ውሃ 214 አሳየ። የምንጭ ውሃ ተብሎ የታሸገው 140 ነበር። «የተጣራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የመጠጥ ውሃ 28 ሲያሳይ ደነገጥኩ፤ ለካ ለጣዕም ሲባል ከተጣራ በኋላ ማዕድን ይመለስበታል። ከመደብር ደጃፍ ካለው የውሃ መሸጫ ማሽን የቀዳሁት 38 ሆነ። ማሽኑ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የማጣሪያው ዕድሜ ማለቁን ገዢው የሚያይበት መንገድ ስለሌለ፣ ሳይለኩ ወደ ታንክ መጨመር አይገባም ባይ ነኝ። በእንፋሎት ተነጥሎ የሚሠራው ዲስቲልድ ውሃ ብቻ 0 አሳየ።

ልባዊ አክብሮቴን ያተረፉት ከዚህ ቀጥሎ ባደረጉት ነው። ማጣሪያ ሊሸጡልኝ መጥተው ሳለ እንዳልገዛ መከሩኝ። በሳምንት 2 ጋሎን ለመቀየሪያ፣ 2 ጋሎን ያህል ደግሞ የሚተነውን ለመተካት፣ በጠቅላላው 4 ጋሎን ብቻ እንደሚያስፈልገኝ አስልተው፣ ለሁለት ወር ዲስቲልድ ውሃ እየገዛሁ እንድሞክርና ታንኩ ካገገመ በኋላ እንድወስን ነገሩኝ። የሚተነው ውሃ ብቻ ስለሆነና ጨው ታንኩ ውስጥ ስለሚቀር፣ ለትነት የሚተካው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ መሆን እንዳለበትም ያስገነዘቡኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በጨው ውሃ እየሞላሁ ጨዋማነቱን ሳላውቅ ከፍ አድርጌው ነበር።

በሁለቱ ወራት ውስጥ ኮራሎቹ ተከፈቱ፣ አልጌውም እየሳሳ ሄደ። ይሁን እንጂ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በየሳምንቱ አራት ጋሎን ተሸክሞ መውጣቱ ስላደከመኝ፣ በኅዳር መልሼ ጠራኋቸውና አር ኦ ዲ አይ የሚባለውን ማጣሪያ ገጠሙልኝ። ውሃው በቅድሚያ በደለል ማጣሪያ፣ ከዚያ ክሎራሚኑን በሚሰብር ከሰል፣ ቀጥሎ ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባለው ስስ ሜምብሬን፣ በመጨረሻም የቀረውን በሚለቅመው ሬዚን ያልፋል። ከሜምብሬኑ በኋላ 6፣ ከሬዚኑ በኋላ 0 ሆነ። ክሎራሚን በከሰሉ ሲሰበር የሚለቀቀው አሞኒያ በከፊል ከሜምብሬኑ ሊያመልጥ ስለሚችል፣ በእኛ አካባቢ ሬዚኑ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ተከራይ በመሆኔ ግድግዳም ቧንቧም ሳይበሱ በቧንቧው አፍ ላይ በሚጠመዘዝ ማገናኛ አያይዘውታል። ከሜምብሬኑ በኋላ ያለውን መስመር በሙሉ ፕላስቲክ ያደረጉትም አውቀው ነው፤ በጣም የጠራ ውሃ መዳብና ናስን እየበላ ብረቱን ይዞ እንደሚሄድ የሚያውቀው በቧንቧ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው።

አንድ ጋሎን ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ሦስት ጋሎን ያህል ወደ ፍሳሽ እንደሚሄድ ስሰማ ከበደኝ፤ ውሃ በጄሪካን ቀድቶ ያደገ ሰው ይህን በቀላሉ ሊያይ አይችልም። እሳቸውም ስሜቴን ተረድተው የፍሳሹን ቱቦ ወደ ትልቅ በርሜል አዞሩልኝና ያ ውሃ ማዕድኑ ከፍ ያለ የቧንቧ ውሃ እንጂ ቆሻሻ እንዳልሆነ ነገሩኝ። አሁን ወለል እጠርግበታለሁ፣ አበቦቼንም አጠጣበታለሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ያስጠነቀቁኝ ነገር ቢኖር ቲ ዲ ኤስ መለኪያው ክሎራሚንን እንደማያይ ነው። 0 እያሳየ ከሰሉ ያለቀበት ማጣሪያ ሊኖር ስለሚችል፣ በየወሩ በጠቅላላ ክሎሪን መመርመሪያ የፍሳሹን ውሃ መፈተሽ ያስፈልጋል። ማጣሪያው ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወጣው ውሃ ንባቡ ከፍ ስለሚል ይህንን ማስወገድ፣ የሬዚኑ ንባብ ከ0 መራቅ ሲጀምርም ሳይዘገዩ መቀየር ይገባል። በክረምት ውሃው ሲቀዘቅዝ ሜምብሬኑ ቀስ ብሎ እንደሚሠራ ነግረውኝ ስለነበር፣ በጥር ባልዲው ለመሙላት ሲዘገይ አልተደናገጥኩም። ያም ሆኖ ደውዬ ስጠይቃቸው መጥተው ግፊቱን ለኩ፤ 62 ፒ ኤስ አይ ነበር፤ ደኅና ነው ብለው ለዚህኛው ጉብኝት ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ጋሼ፣ ጊዜዎን ሰጥተው ስላስተማሩኝ፣ ሊሸጡልኝ ሲችሉ እንድታገሥ ስለመከሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ ወገኖች በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላቸው የታንካችሁን መጠን፣ በሳምንት የምትቀይሩትን ውሃና የወጥ ቤት ቧንቧችሁን አፍ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አዘጋጁ፤ ተከራዮች ከሆናችሁም የአከራያችሁን ፈቃድ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ያለዚያ ሥራውን አይጀምሩም።