ሐረጎን በሰላም ያወረደን የኮምቦልቻ ልጅ

ኮምቦልቻ ላይ መኪና የሚጎትት አንድ ልጅ አለ። ምስጋናዬ ለእሱ ነው፤ ትልቅ መኪና ላላችሁም ጥቆማ ይሁናችሁ።

ቅጥቅጡ አውቶቡሳችን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጠፋ፤ አልነሳም አለ። ጉሙ ደግሞ አምስት ሜትር አያሳይም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ያ ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ነው የሚያልቀው። አላፊ አግዳሚው «በገመድ እንጎትታችሁ» አለን። በቅንነት ነው። ግን ቁልቁለት ላይ ገመድ ይላላል፤ ተጎታቹ ሄዶ ጎታቹን ይገጫል።

ልጁ እንደደረሰ ጎማው ሥር ታኮ አስገባ። ረዳቱን ከመታጠፊያው ማዶ አንጸባራቂ እንዲያስቀምጥ ላከው። ተሳፋሪውን ሁሉ አስወረደ። አንዲት እናት እዚያው ልቀመጥ ቢሉት፣ «እማማ፣ የሚጎተት መኪና ውስጥ ከሹፌሩ በቀር ሰው አይቀመጥም። አብሽሩ፣ ሌላ መኪና አስቆምልዎታለሁ» አላቸው። አስቆመላቸውም።

ከዚያ ከሥር ገብቶ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ ፈታ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። ጭቃው ላይ በጀርባው እንደተኛ አስረዳኝ፦ «ጋሼ፣ ጎማው ሲዞር ካምቢዮውን ከውስጥ ያዞረዋል። ሞተሩ ካልሠራ ዘይቱ በደንብ አይዳረስም፣ ይቃጠላል።» ብሎኖቹን ቆጥሮ በጨርቅ ቋጠራቸውና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

በገመድ ፈንታ በወፍራም ብረት አያያዘን። የእኛ ፍሬን በአየር የሚሠራ ስለሆነ ከራሱ መኪና ቱቦ ዘርግቶ አየር ሞላው። ከኋላችን ፍሬቻና የፍሬን መብራት ሰቀለ። ከዚያ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን እያሳረፈ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። ኮምቦልቻ ስንደርስ የጎማዎቹን መሃል በእጁ እየዳሰሰ አየ። አንዱም አልጋለም።

ሂሳቡን ገና ስደውልለት ነግሮኝ ነበር፤ ሥራው ረዘመ ብሎ ሳንቲም አልጨመረም።

ለቸኮለ ሰው አይሆንም፣ ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል። ለእኔ ግን ትልቁ ሙያው ይኸው ነው። ቅጥቅጥ፣ አይሱዙ ወይም ተሳቢ ያላችሁ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ክረምት ላይ ሐረጎ ሥራ ስለሚበዛበት ቀደም ብላችሁ ደውሉለት።