«ብለድ ፊስት» ወይስ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»?

በአነስተኛ ገንዘብ የተሠሩትን የቀድሞ የአሜሪካ ደም አፍሳሽ አስፈሪ ፊልሞች ማየት ለሚጀምር ሰው እነዚህ ሁለቱ ጥሩ መነሻ ናቸው።

ወጪ፦ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የኸርሼል ጎርደን ሉዊስ «ብለድ ፊስት» ወደ 24,500 ዶላር ፈጀ፤ የጆርጅ ሮሜሮው የ1968 ፊልም ግን ከ100,000 በለጠ።

ደም፦ ሉዊስ በቀለም ስለቀረጸ ደሙ ዓይን በሚወጋ ቅላት ይታያል፤ ትወናው ደካማ ቢሆንም ድፍረቱ ይማርካል። ሮሜሮ በጥቁርና ነጭ በመሥራቱ የቸኮሌት ሽሮፕን በደም ምትክ መጠቀም ቻለ፤ ሻካራው ምስልም ፊልሙን የዜና ዘገባ ስለሚያስመስለው፣ በእኔ እምነት የገንዘብ እጥረቱ ራሱ ፍርሃቱን አጠንክሮታል።

ማግኘት፦ የሮሜሮ ፊልም፣ ርዕሱ ሲቀየር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከፊልሙ ላይ በመቅረቱ የቅጂ መብት ጥበቃውን ስላጣ፣ በነፃ ይታያል።

የዘውጉን አጀማመር ማጥናት ለሚፈልግ የሉዊስ፣ ታሪክና ውጥረት ለሚሻ ደግሞ የሮሜሮ ፊልም ይስማማዋል።