ግማሽ ፊት፣ ሙሉ ፊት ወይስ አገጩ የሚነሳ? የሞተር ሳይክል ሄልሜት ለሚገዙ የተዘጋጀ ንጽጽር

ሞተር ሳይክል ሊገዛ ያሰበ ሰው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ ነዳጅ ፍጆታውና ስለ መለዋወጫው ዋጋ ለሳምንታት ሲያጠያይቅ ይቆያል፤ ሄልሜቱን ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩን በሚረከብበት ዕለት ከመደርደሪያ ላይ በቅርብ ያገኘውን አንስቶ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ደረጃውን የጠበቀ ሄልሜት በአግባቡ ማድረግ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ለሞተር ሳይክል ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚመልስ ሌላ ወጪ የለምና ምርጫው ተገቢውን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን ዋና ዋና ዓይነቶች፣ ማለትም ግማሽ ፊቱን፣ ሙሉ ፊቱንና አገጩ ወደ ላይ የሚነሳውን፣ በከተማ የዕለት ተዕለት አገልግሎትና በረጅም ጉዞ ላይ አነጻጽራለሁ።

ግማሽ ፊትና ሙሉ ፊት

ግማሽ ፊት ሄልሜት ግንባርን፣ ጆሮንና ማጅራትን ሸፍኖ ፊትን ክፍት ይተዋል። ክብደቱ አነስተኛ ነው፤ አብዛኛው ከ1.4 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ነፋስ እንደ ልብ ያስገባል፤ ለማውለቅና ለማጥለቅ አያስቸግርም፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀንሳል። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ሙቀት ከደንበኛ ደንበኛ እየዞረ ዕቃ የሚያደርስ ወጣት ይህን ዓይነት ቢመርጥ ምክንያቱ የሚገባ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ ከጥቅሙ ያመዝናል። በጀርመን ሃኖቨር በሞተር ሳይክል አደጋዎች ላይ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ በሄልሜት ላይ ከሚያርፈው ምት ውስጥ ሲሦ የሚሆነው አገጭና መንጋጋ አካባቢ እንደሚያርፍ አሳይቷል። ግማሽ ፊት ሄልሜት በዚህ ቦታ ላይ ምንም የለውም። ከመውደቅ በፊትም ቢሆን ችግሩ በየዕለቱ የሚታይ ነው፤ በጠጠር መንገድ ከፊት የሚሄድ አይሱዙ የሚወረውረው ድንጋይ፣ በበጋ የሚነሳው አቧራ፣ በምሽት ዓይን ውስጥ የሚገባው ነፍሳት ሁሉ ነጂውን ለአፍታ ያሳውሩታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ስለሚሄድ፣ ያቺ አፍታ ቀላል አይደለችም። አንዳንዶች መነጽር በመጨመር ዓይናቸውን ይከላከላሉ፤ መነጽር ግን አጥንትን አያድንም።

ሙሉ ፊት ሄልሜት አገጭን ጨምሮ ሙሉውን ጭንቅላት ከአንድ ወጥ ቅርፊት በተሠራ አካል ይሸፍናል። ክብደቱ በአብዛኛው ከ1.4 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም ነው። ድምፅን ይቀንሳል፤ መስታወቱ ሲዘጋ ዝናብና አቧራ ይከለክላል፤ ተንቀሳቃሽ ማጠፊያ ስለሌለው የሚላላ ወይም የሚሰበር ነገሩ ጥቂት ነው። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጡት ሁለቱ መካከል መምረጥ ላለበት ሰው መልሴ ያለ ማመንታት ሙሉ ፊቱ ነው።

አገጩ የሚነሳው

ይህኛው ሙሉ ፊት ሆኖ ተሠርቶ የአገጩ ክፍል በአንድ የሚጫኑት ቁልፍ ተለቅቆ ወደ ላይ የሚነሳ ነው። በሥራቸው ጠባይ ደጋግመው ለሚቆሙ ሰዎች፣ ለምሳሌ ከቀበሌ ቀበሌ ለሚዘዋወር የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ፣ ምቾቱ ትልቅ ነው። በኬላ ላይ ፊትን ለማሳየት፣ ሽማግሌን በአክብሮት ሰላም ለማለት ወይም ውኃ ለመጠጣት ሄልሜቱን ማውለቅ አያስፈልግም። መነጽር ለሚያደርግ ሰውም የመነጽሩን እጀታ ሳያጎብጥ ማጥለቅ መቻሉ ብቻውን ለምርጫ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ምቾት የሚከፈለው ዋጋ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ክብደት ነው፤ በመጠኑ ከሙሉ ፊቱ ከፍ ብሎ ብዙ ጊዜ ከ1.6 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ልዩነቱ በከተማ ባይሰማም ሙሉ ቀን ሲነዳ አንገት ላይ ይታወቃል። ሁለተኛውና ዋናው የመቆለፊያው ጥንካሬ ነው። የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ሻርፕ የተባለ የሄልሜት ምዘና ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ከመስጠቱም በላይ፣ ለዚህ ዓይነት ሄልሜት በሙከራው ወቅት አገጩ ከተሰጠው ምት በስንት በመቶው ሳይከፈት እንደቆየ ለይቶ ያሳውቃል። በሞዴሎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ስለዚህ ርካሽ ሙሉ ፊት ከርካሽ ተነሺ አገጭ የተሻለ ነው፤ ተነሺውን መግዛት የሚገባው መቆለፊያው ከብረት የተሠራና ጥራቱ የተረጋገጠውን ለመግዛት አቅም ላለው ሰው ነው። ገዢው በሱቁ ውስጥ አገጩን ደጋግሞ ከፍቶ ይዝጋው፤ በሁለቱም ጎን እኩል ጠቅ ብሎ የማይገጥም፣ ተዘግቶ ሲነቀነቅ የሚወላወል ከሆነ ይተወው። አገጩን ከፍቶ መንዳት ደግሞ ፈቃድ ለሌለው ሞዴል አደገኛ ነው።

ፈቃዱ እንዴት ይታወቃል ቢባል፣ በማሰሪያው ላይ ከተሰፋው ትንሽ ጨርቅ ነው። የአውሮፓው ኢሲኢ 22 መስፈርት ያለፈ ሄልሜት በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን ፊደል ኢ እና ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ይኖረዋል፤ 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድ ነው። ቀጥሎ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይም በ06 ይጀምራል፤ 06 የሚለው አዲሱና ጭንቅላትን የሚያሽከረክር ምትን ጭምር የሚፈትን ነው። ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈው ፊደል ለንጽጽራችን ዋናው ነው። ጄ ማለት የአገጭ መከላከያ የሌለው፣ ፒ ማለት አገጩ ተፈትኖ ያለፈ፣ ኤንፒ ማለት ደግሞ አገጩ ቢኖርም ከምት እንደማይከላከል የተገለጸ ነው። ተነሺ አገጭ ሁለቱንም፣ ማለትም ፒ እና ጄ፣ በአንድነት ከያዘ ተከፍቶም ተዘግቶም ለመንዳት የተፈቀደ ነው። ሙሉ ፊት መስሎ ኤንፒ የተጻፈበት ሄልሜት ከግማሽ ፊት ብዙም አይለይምና ገዢው መልኩን ሳይሆን ፊደሉን ይመን።

በጀርባው ላይ ዶት የሚል ምልክት ያለበት የአሜሪካ መስፈርት ነው። በዚህ አሠራር አምራቹ ራሱ መስፈርቱን ማሟላቱን ያረጋግጣል፤ መንግሥት ናሙና ገዝቶ የሚፈትነው ምርቱ ገበያ ከገባ በኋላ ነው። መስፈርቱ የአገጭን ክፍል በምት አይፈትንም። ተለጣፊው ብቻውን በቀላሉ የሚታተም ነገር ስለሆነ፣ እውነተኛው ከዶት በተጨማሪ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን እና 218 የሚለውን የመስፈርት ቁጥር መያዝ አለበት። ከሕንድ የሚመጣው አይኤስ 4151፣ ከቻይና የሚመጣው ጂቢ 811 የሚል ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ምንም ምልክት የሌለውን ቀላል የፕላስቲክ ቆብ፣ ቅጣት ከማስቀረት ያለፈ ጥቅም ስለሌለው፣ በዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁትም።

በረጅም መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚነዳ ሰው በጠዋት በጎሐ ጽዮን ብርድ ጀምሮ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ አባይ በረሃ ሙቀት ይገባል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። የሦስቱ ሄልሜቶች ልዩነት በዚህ አንድ መንገድ ላይ ይታያል። ግማሽ ፊት ያደረገው በደጋው ፊቱ ይደነዝዛል፣ በጠመዝማዛው መንገድ የከባድ መኪና ጭስና አቧራ ይውጣል። ሙሉ ፊት ያደረገው በደጋው ምቾት አለው፤ ነገር ግን ትንፋሹ መስታወቱን ያጉመዋል፤ በረሃው ውስጥ ደግሞ ሲቆም ይሞቀዋል። ለጉሙ መፍትሔው በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚገጠመው ፒንሎክ የተባለ ተጨማሪ ሽፋን ነው። መስታወቱ እርሱን ለመያዝ ሁለት ትንንሽ ችካሎች እንዳሉት ከግዢ በፊት መታየት አለበት። ለሙቀቱ ደግሞ በአገጭና በአናት ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያዎች በጓንት እጅ የሚከፈቱ መሆናቸውና ከጀርባ የአየር መውጫ መኖሩ ወሳኝ ነው። ተነሺ አገጩ በየዕረፍቱ ቦታ ይከፈታልና በዚህ ረገድ ይበልጣል፤ የነፋስ ድምፅ ግን ከሙሉ ፊቱ ይበዛበታል።

ጥቁር መስታወት በደጋው ፀሐይ ቢያምርም ማታ አይነዳበትም። ለጉዞ የሚወጣ ሰው ንጹሑን መስታወት ይዞ ይውጣ፣ ወይም ወደ ውስጥ የሚወርድ የፀሐይ መከላከያ ያለውን ሞዴል ይምረጥ።

ልክና አያያዝ

ከዓይነቱም ከዋጋውም በላይ ሕይወት የሚያድነው ልኩ ነው። ከቅንድብ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ የጭንቅላት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ስትነዳ የምታዘወትረውን የፀጉር አሠራር ሳትፈታ ትለካ። ሄልሜቱ ሲጠለቅ ጉንጭን ጫን ሊል፣ ራስ ሲነቃነቅ አብሮ እንጂ ለብቻው ሊዞር አይገባም። ማሰሪያውን አስረው ከማጅራት በኩል ወደ ፊት ሲገፉት የሚወልቅ ከሆነ በአደጋም ጊዜ ይወልቃል። በሱቁ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አድርገውት ይቆዩ፤ ግንባር ላይ አንድ ቦታ ብቻ የሚያም ከሆነ ቅርጹ ለእርስዎ አልተሠራም፤ ነገ ይለምዳል የሚለውን የሻጭ ቃል አይቀበሉ። ባለሁለት ቀለበቱ ማሰሪያ በየጊዜው በልክ ይጠብቃል፤ ባለጥርሱ መቆለፊያ ደግሞ ለፈጣን አገልግሎት ይመቻል፤ ሁለቱም በጎ ናቸው።

የቅርፊቱ ዓይነት ግን ብዙዎች የሚሰጡትን ያህል ግምት አይገባውም። ፋይበርግላስና ካርቦን ክብደት ይቀንሳሉ፣ ዋጋ ይጨምራሉ፤ መስፈርት ያለፈ ፖሊካርቦኔት የተባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ለአብዛኛው ነጂ በቂ ነው። ምቱን በዋናነት የሚውጠው የቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚመስለው ውስጠኛው ጠንካራ ነጭ ፎም ነው፤ እርሱም አንድ ጊዜ ከተጨመቀ አይመለስም። አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያገለገለ ሄልሜት መግዛትን አጥብቄ የምቃወመውም ታሪኩ ስለማይታወቅ ነው። ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ፎሙንም ፖሊካርቦኔቱንም ስለሚጎዱ፣ ማጽጃው ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ ነው። አቧራ የያዘ መስታወት በደረቅ ጨርቅ አይታሽም፤ መጀመሪያ እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አስተኝቶ ማራስ ይገባል። በሞተሩ መስታወት ላይ ማንጠልጠልም ፎሙን ያጎደጉዳል። በየዕለቱ የሚያገለግል ሄልሜት በአምስት ዓመት ገደማ እንዲተካ አምራቾች ይመክራሉ።

ለማን የቱ?

በከተማ ውስጥ ብቻ በዝግታ የሚነዳና ሙቀት የሚያስቸግረው ሰው የአየር ማስገቢያው ሰፊ የሆነ ሙሉ ፊት ይግዛ፤ ግማሽ ፊትን የምመክረው የግድ ለሆነበት ብቻ ነው። ከወረዳ ወረዳ የሚዘዋወርና መነጽር የሚያደርግ ባለሙያ፣ በተለይ የሚገዛለት መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ ፒ እና ጄ የተጻፈበትን ተነሺ አገጭ ይጠይቅ። ረጅም ጉዞ የሚወድ ሰው ቀለል ያለ ሙሉ ፊት ከፒንሎክ ጋር ይምረጥ። ለአንድ ውድ ሄልሜት የሚበቃ ገንዘብ ይዞ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ከኋላ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ለሁለት ከፍሎ መስፈርት ያለፉ ሁለት መካከለኛ ሙሉ ፊቶችን ይግዛ፤ ሁለተኛውንም ሲገዛ የሚያደርገውን ሰው ይዞ ሱቅ ይሂድ።