ኮት ደ ጋስኮኝ ወይስ ቪኞ ቬርዴ? ሁለት ርካሽ ቅይጥ ነጭ ወይኖች

ሁለቱም ዋጋቸው የማይከብድ፣ ብዙ ሰው በስም በማያውቃቸው የወይን ዝርያዎች የተቀየጡ ነጭ ወይኖች ናቸው። መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ግን አንዱ የሌላው ምትክ ነው ማለት አይደለም።

ኮት ደ ጋስኮኝ ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ነው የሚመጣው። አገሩ የሚታወቀው አርማኛክ በተባለው ጠንካራ መጠጥ ሲሆን ኮሎምባርና ኡኚ ብላን የተባሉት ዝርያዎች ድሮ በብዛት የሚውሉት ለእሱ ነበር። የአርማኛክ ገበያ ሲቀዘቅዝ ገበሬው ፊቱን ወደ ነጭ ወይን አዞረ። ኮሎምባር ብቻውን ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ቀለል ያለ ወይን ይወጣዋል። ነገሩ የሚለወጠው ግሮ ማንሴንግ ሲገባበት ነው። ይህ ዝርያ ልጣጩ ወፍራም፣ ኮምጣጣነቱም ኃይለኛ ነው፤ ቅይጡ ውስጥ ጥቂት ሆኖ እንኳ ያስታውቃል። ብርጭቆውን ዞር ዞር አድርገው ሲያሸቱት መጀመሪያ ግሬፕፍሩት፣ ቀጥሎ የበሰለ ኮክ ይሸታል። ሲጎነጩት የምላስን ዳር ዳር ቆንጠጥ አድርጎ ምራቅ ያመጣል፤ ከዋጡት በኋላ የፍሬ ልጣጭ የመሰለች ትንሽ ምሬት ትቀራለች። ለእኔ ወይኑን ወይን ያሰኘችው ይህቺው ምሬት ናት፤ ለስላሳ መጠጥ የለመደ ሰው ግን ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ቪኞ ቬርዴ ይሻለዋል። የሰሜን ምዕራብ ፖርቱጋል ወይን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሎሬይሮ፣ ከአሪንቶና ከትራጃዱራ ይቀየጣል። የአበባ ሽታው የሎሬይሮ ነው። አልኮሉ ዝቅተኛ ነው፤ ርካሾቹ ከ9 እስከ 11 በመቶ አካባቢ ናቸው። ምላስ ላይ ቸፍ ቸፍ የሚለው ጋዝ ርካሾቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሲታሸጉ የሚጨመር ነው። አንዳንዶቹ ትንሽ ስኳርም አላቸው።

ስትገዙ የምርት ዘመኑን እዩ። የኮሎምባር የግሬፕፍሩት ሽታ ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነ ከሁለት ዓመት ያለፈውን ጋስኮኝ በቅናሽም ቢሆን አልገዛም። ቪኞ ቬርዴ ላይ ዓመቱ ጭራሽ ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ አቧራ የለበሰውን ተዉት። ጠርሙሱ ቀለም የሌለው ከሆነ ደግሞ ብርሃን ሽታውን ስለሚያበላሸው መስኮት ዳር የቆመውን አታንሱ።

ዓሣ ወይም ቅባት ያለው ነገር ከቀረበ ጋስኮኙን፣ ያለምግብ ለመጨዋወቻ ከሆነ ቪኞ ቬርዴውን እመርጣለሁ። አንዱን ብቻ ግዛ ብባል ጋስኮኙን ነው የማነሳው፤ ከጀርባው ግሮ ማንሴንግ የሚል ካልተጻፈበት ግን መልሼ አስቀምጠዋለሁ።