በአንድ አገልግል አራት እሑድ

«እናቴ፣ አገልግሉ አይገባም።»

ጥበቃው እንዲህ ሲል እማዬ ቀና ብላ አየችውና «አብሽር ልጄ፣ እሱ እንደሆነ ዋና አይችልም፤ ዳር ነው የሚቀመጥ» አለችው። ልጁ ሳቀ። እኛም ሳቅን። አገልግሉ ግን አልገባም። ግድግዳው ላይ «ከውጭ ማንኛውንም ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ባለቤቴ አገልግሉን አቅፎ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ ለምትሸጥ ባለሱቅ አደራ ሰጣት። ወጥና እንጀራ አደራ ሰጥቶ ዋና የሚገባ ቤተሰብ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

ቦታው ኮምቦልቻ ነው፤ መዋኛ ያለው አንድ ሆቴል። ስሙን አልጠራም፣ የማወራው ስለ አንድ በር ብቻ አይደለምና። ግንቦትን እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዘን ስንወጣ ሰንብተናል፤ የት በላን፣ የት ተበላን የሚለውን ልጽፍላችሁ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች፣ እማዬ። አምስት ነን፣ ቤታችን ደሴ ነው። እሱ መምህር ነው፣ እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ኪሳችን ከዚህ ይታወቃል።

ለምን ግንቦት ካላችሁ፣ የደሴን አየር የሚያውቅ አይጠይቅም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ልጆቹ ነፃ ሲሆኑ ዝናቡም ነፃ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሶ ይቀመጣል፣ ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታም እርጥብ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ አለ፣ ግን ጠዋትና ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። የካቲትና መጋቢት ደግሞ በልጉ መጣ ቀረ ሲባል ያልፋል። ደሴ ላይ «ሞቀኝ» ብሎ ሹራብ የሚወልቀው ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ ነው። ያኔ ደግሞ ትምህርት አለ። ስለዚህ ያለን እሑድ ብቻ ነው። አራት እሑድ።

ወደ ኮምቦልቻው ልመለስ። የወረድነው ሙቀት ፍለጋ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስትወርዱ መጀመሪያ ሹራብ ይወልቃል፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፈታል፣ ቀጥሎ አንዷ እናት ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ልጄን ነፋስ መታው» ትላለች። ይህን ሁሉ የአየር ለውጥ በሚኒባስ ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሌላ ከተማ ካለ ንገሩኝ። አንድ ምክር ብቻ፤ መናኸሪያ ላይ «አንድ ሰው የቀረው!» ሲሉ አትመኑ፣ አንገታችሁን አስገብታችሁ ወንበሩን ቁጠሩ።

መዋኛው ራሱ ጥሩ ነው። አልዋሽም። ውሃው ንጹህ ነው፣ የልጆቹ ገንዳ ጉልበት ላይ የሚደርስ ነው፣ ልብስ መቀየሪያው ይጠረጋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከደረሳችሁ ገንዳው የእናንተ ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን ሙዚቃው ይከፈታል፣ ጎረምሳው ይመጣል፣ እየተንደረደረ ይዘላል፣ ትንንሽ ልጅ ያለው ሰው ዓይኑን መንቀል አይችልም። ዋና ይቆጣጠራል የተባለው ልጅ ስልኩን ነበር የሚቆጣጠረው። ይኼ አልተመቸኝም፤ ይኼ የብር ጉዳይ አይደለም።

ብሩ ደግሞ እንዲህ ነው። መግቢያ ለአዋቂ 250፣ ለልጅ 150። «እማዬ እኮ አትዋኝም፣ ቁጭ ነው የምትል» ብንል ሒሳብ ያዡ «ቁጭ ማለትም ይከፈልበታል» አለን። በአንድ ድምፅ 1,050 ብር ሄደ። ጥላ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ለሚያዝ ሰው ናቸው። ለስላሳው ሱቅ ከሚሸጥበት እጥፍ ነው። እና አንድ ነገር ረስተን ነበር፤ ውሃ ውስጥ የዋለ ልጅ ይርበዋል። የሚርበው ደግሞ ተራ ረሃብ አይደለም፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ መጥተው እንደ ሰርገኛ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ሳህን የድንች ጥብስና ሦስት ጁስ 1,100 ብር። አገልግሉ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ሽሮውንና ድፍን ምስር ወጡን ይዞ ተቀምጧል! ስንወጣ ባለሱቋን አመስግነን መንገድ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ዘርግተን በላን። እማዬ እውነቱን ለመናገር ከቀኑ ሁሉ እሱን ነው የወደደችው፤ አላፊ አግዳሚውን «እንብላ» እያለች።

ከአምስት ሁለት ተኩል እሰጠዋለሁ። ልጆች የሌሏችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ጠዋት ገብታችሁ ቀትር ላይ የምትወጡ ከሆነ ሦስት ተኩል ስጡት።

ሁለተኛው እሑድ ወደ ሰሜን ነው፤ ሐይቅ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የዚህ ጽሑፍ ምክንያት እሱ ነውና።

በዚህኛው ጎረቤቴም ከነልጆቿ አብራን ሄደች። እነሱ እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ ይኼ ወሬ አይደለም፣ ግን ምግብ ሲታሰብ ይቆጠራል፤ ሥጋ ካልን ሁለት ብረት ድስት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ምጣድ ነው፣ ዶሮም ያው። አሳ ግን ቢስሚላህ ቢባል በስመ አብ ቢባል አንድ ትሪ ይበቃዋል። የሐይቅ አሳ ቤቶች እሑድ እሑድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሻርፕና ነጠላ የሚታይባቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦሩ ሜዳ ስንደርስ ባለቤቴ እንደ ልማዱ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. እዚህ የጠሩትን የሃይማኖት ጉባኤ መተንተን ጀመረ፤ የታሪክ መምህር ያገባ ሰው በዚህ መንገድ ላይ እንቅልፍ አይታሰብም። ሚኒባሱ ከተማው ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ እስከ ውሃው ባጃጅ አለ። ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ። ሰው በዛ ብላችሁ ሁለት ባጃጅ ከያዛችሁ አብራችሁ ንገሩ፣ አለበለዚያ የኋለኛው ባጃጅ ሌላ ዋጋ ይወልዳል።

ውሃው ዳር ያገኘናት አሳ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት አግዳሚ፣ አንድ ትልቅ የዘይት ብረት ድስት ናት። ሌላ ምንም የላትም። እማዬ አገልግሉን ከጀርባዋ ደበቀች፤ የኮምቦልቻው ትዝ ብሏት። ባለቤቲቱ አየቻትና «እትዬ፣ ምን ይደብቁታል? አምጡት እንጂ፣ ሰሐን ልስጥዎ» አለች። በቃ። እዚህ ጋ አምስት ኮከቧን ወሰደች፣ አሳው ገና ውሃው ውስጥ እያለ።

አሳው ቆሮሶ ነው። ጎንና ጎኑ በቢላ ይተለተላል፣ ጨው ይነካል፣ በፈላ ዘይት ይገባል፤ አጥንቱ ድረስ ኩርሽም እስኪል። ከአዋዜ፣ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር ይመጣል። ሳህኑ 350 ብር ነበር፣ ለዘጠኝ ሰው አራት አዘዝን፣ የቀረውን አገልግሉ ሞላው። አምባዛም አላት፣ በርካሽ። እማዬ ግን ቅርፊት የሌለው አሳ በአጠገቧ አይደርስም፣ ጎረቤቴ ናት ቀምሳ «ማሻ አላህ» ያለችው። ለልጆች ጉላሹን እዘዙላቸው፤ እሾሁ ወጥቶ ነው የሚመጣው፣ እናንተም ተረጋግታችሁ ትበላላችሁ። ጉድለት አልጠፋም፤ እጅ መታጠቢያው አንድ ጀሪካን ነው፣ መጸዳጃ ቤቱን ደግሞ አለማውራት ይሻላል፣ አሳውም ከታዘዘ በኋላ አንድ ሰዓት ያስጠብቃል። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው አይሂድ።

ጀልባ አለ። 1,500 ጠርተውን በ900 ተስማማን፣ ለሁላችንም። የሕይወት አድን ጃኬት ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ አይሰጧችሁም። ልጆቹን ዳር ላይ እግራቸውን ያርጥቡ እንጂ ዋና ብላችሁ አትልቀቋቸው። ሐይቁ ላይ ላዩን የዋህ ይመስላል፣ ጥልቀቱ ግን ቦታ ቦታ ላይ ከ80 ሜትር ያልፋል። ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ውሃ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የጣላችሁት ላስቲክ ወደ የትም አይሄድም፣ በሚቀጥለው ዓመት ስትመጡ ይጠብቃችኋል። ባዶ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱና ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ወንዶቹ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ሊሳለሙ ሄዱ። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሩት ገዳም ነው፣ የእሳቸው አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ ይታያል፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን በእግር ይገባል። ሴት አይገባም። እኔ፣ ጎረቤቴ፣ እማዬና ሴቶቹ ልጆች ዳር ቀረን። እማዬ በሩቁ ተሳልማ ስትጨርስ «ጸሎታቸው እዚህ ድረስ ይደርሳል፤ አሳው ግን እዚያ አይደርስላቸውም» ብላ የባለቤቴን ድርሻ ለልጆቹ አከፋፈለችው። ሲመለስ ጭንቅላቱን ነው ያገኘው።

ሒሳቡ አሳና ጀልባ 2,300 ሆነ፣ ለሁለት ቤት ተካፈልነው። ማለትም ቀኑን ሙሉ ውለን፣ በልተን፣ በጀልባ ዞረን፣ ለእኛ ድርሻ ትራንስፖርቱን ሳይጨምር 1,150 ብር። ኮምቦልቻ ላይ የበር ብቻ 1,050 ከፍለናል። ከዚህ በላይ ምን ልበል። ለመመለስ ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ አትቆዩ፣ መኪና ይሳሳል፣ ዋጋም ይጨምራል። ጠዋት ስትወጡም መንገዱን መናኸሪያ ላይ ጠይቃችሁ ውጡ፤ ዘመኑ ነው።

ሦስተኛው እሑድ ጦሳ። ነፃ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነስታችሁ በባሕር ዛፉ መካከል ትወጣላችሁ፣ ከላይ ሆናችሁ ደሴን እንደ ትሪ ታዩዋታላችሁ፣ ልጆቹ ቤታቸውን ሲፈልጉ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። አገልግል ለመሸከም አይመችም፣ እማዬም ለመውጣት አትመችም፤ ስለዚህ ዳቦ፣ ቆሎና ውሃ። ባርኔጣ አትርሱ፣ የከፍታ ፀሐይ ብርድ እያለም ያቃጥላል። የኔ ልጅ አፍንጫ እስከ ረቡዕ ተላጠ። ወጪያችን የዳቦው ብቻ ነበር፣ ግን በማግስቱ ደረጃ መውረድ ስላልቻልኩ ሁለት ቀሚስ ዘገየብኝ። እሱንም ቁጠሩት።

አራተኛው ከከተማ አልወጣንም። ሰማዩ ከጠዋቱ ጠቁሯል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አይጠየፍ አዳራሽ ድረስ በእግራችን ሄደን ዙሪያውን አየን። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙን ያገኘው ደሃ ሀብታም ሳይባል ሁሉም ገብቶ ስለሚበላበት ነው ይባላል። ባለቤቴ ይህን ለልጆቹ ሲያስረዳ ታናሽየው «አገልግልም ያስገባ ነበር?» አለው። መምህሩ መልስ አጣ። ከዚያ ፒያሳ ላይ ሁለት ጁስ ለአምስት ተካፍለን፣ ዝናቡ ሳይደርስብን ገብተን ቡና አፈላን። በረካው ሲቀዳ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር።

እንግዲህ እኔ ከዚህ በኋላ የትም ከመሄዴ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መግቢያ ስንት ነው አልልም፣ አገልግል ይገባል ወይ እላለሁ። ትራንስፖርት ይታወቃል፣ መግቢያም ይታወቃል። ኪስን የሚያጥበው ከገባችሁ በኋላ ልጁ «ራበኝ» ሲል ነው። በስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። አንዳንዱ ቤት «ቡና ከኛ ጠጡ እንጂ ምሳችሁን ብሉ» ይላል፣ እንዲህ ያለውን ቤት ቡናውን ደጋግማችሁ ጠጡለት።

የአገልግሉ ጠፍር ከሐይቅ ስንመለስ ተበጥሶ ነበር፤ ጫማ ሰፊው በጥሩ ቆዳ ሰፍቶልኛል። ሰኔ ሳይጠነክር አንድ እሑድ አገኛለሁ ብዬ አስባለሁ፣ ልቤ ማይባር ሐይቅ ላይ ነው። ከልጅና ከአሮጊት ጋር ሄዳችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ባጃጅ ስንት ድረስ እንደሚያደርስና ጥላ የሚሆን ዛፍ መኖሩን ጻፉልኝ። እማዬ ሽሮውን ከአሁኑ እያስፈጨች ነው።