ለአንዲት የዘረመል ላቦራቶሪ ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ይህን ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የዘገየሁት ባለቤቴ «የቤታችንን ጉዳይ አደባባይ አታውጪው» እያለ ስላስቸገረኝ ነው። አሁን ግን እርሱ ራሱ «ጻፊው፣ እንደ እኛ የሚንከራተት አይጠፋም» ብሎኛል። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ የምትኖሩ፣ ጽንስ አልጸና ብሏችሁ ከሐኪም ሐኪም የምትዞሩ እህቶቼ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የማመሰግነው ሐኪም አይደለም። ሐኪሞቹንም እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እነርሱን የሚያመሰግን ግን ሞልቷል። እኔ የማመሰግነው አንድ ሆስፒታል ውስጥ በዘረመል ላቦራቶሪ የምትሠራ ቴክኖሎጂስት ናት። «ስሜ ይቅር» ስላለችኝ ስሟን አልጽፈውም። የአገራችን ሰው አይደለችም፤ አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም።

ጽንስ ደጋግሞ ይጨናገፍብኝ ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ተብዬ ተሸኘሁ። ሌላው ጋ ጭንቀት ነው፣ ሥራ ቀንሺ አሉኝ። የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍልልኝ ግን አልነገሩኝም። በመጨረሻ የሁለታችሁም ክሮሞዞም፣ ማለት በሴል ውስጥ ያለው ዘር ተሸካሚው ክር፣ ይታይ ተባለና ደም ሰጠን። ጠበቅን፣ ጠበቅን። ስደውል ወደ ሌላ ክፍል ያሻግሩኛል፣ ሌላው ክፍል ሙዚቃ ያሰማኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ሴት «ናሙናው ስላላደገ ውጤት የለም» አለችኝ። ለምን አላደገም? አታውቅም። ማን ያውቃል? እርሱንም አታውቅም። የክፍያው ደብዳቤ ግን መንገዱን ሳይስት ቤታችን ደረሰ። ሌላ ቦታ ደግሞ የእኔና የባለቤቴ የአባት ስም ስለማይገጥም የጋብቻ ወረቀት አምጡ ተባልን። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም ብዬ ያላስረዳሁት የመስኮት ሠራተኛ የለም።

እዚህኛው ሆስፒታል የሄድነው ተስፋ ቆርጠን ነው። ዕለቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ደም ሰጥተን ወደ መኪና ማቆሚያው ስንወርድ ስልኬ ጠራ። «ከዘረመል ላቦራቶሪ ነው። ደማችሁ የተቀዳው ወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ባለው ቱቦ ነው፣ ለእኔ የሚሆነኝ አረንጓዴው ነው፤ ሩቅ ካልሄዳችሁ ተመለሱልኝ» አለችኝ። እኔ እንደገባኝ አረንጓዴው ውስጥ ሄፓሪን የሚባል ነገር አለ፤ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ሴሎቹም በሕይወት ቆይተው እንዲራቡ ይመቻል። የሌላው ቱቦ መድኃኒት ግን ለማራባት አይመችም። ይኸው ነው። «ናሙናው አላደገም» ያሉን ቦታ ይህን የሚነግረን ሰው ጠፍቶ ነው?

እርሷ ቅጽ ሞልታ «ውድቅ» ብላ ወደ ቤቷ ብትሄድ ማንም አይወቅሳትም ነበር። ስንመለስ ግን ደም መቅጃው በር ላይ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ሁለት አረንጓዴ ክዳን ያላቸው ቱቦዎች በእጇ ይዛ ቆማ ጠበቀችን። እኛ ታካሚዎች እንዲህ ያለውን ሰው በዓይናችን አይተን አናውቅም፤ ሥራቸው ከበስተጀርባ ነው። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ቱቦው ላይ የተለጠፈውን ስም ከወረቀታችን ጋር እያስተያየች ፊደል በፊደል አነበበችልን። ስማችን ለምን እንደማይመሳሰል ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «እንግዲያው እናንተ ጋ የሴት ስም የራሷ ነው» ብላ ሳቀች። ስንት መስኮት ላይ ያጨቃጨቀኝ ነገር እርሷ ዘንድ በአንድ ሳቅ አለቀ።

ውጤቱ ሲደርስ የዘረመል አማካሪዋ ቢሮ ጠራችን። ምስሉን ማየት እፈልጋለሁ ስላት ላቦራቶሪ ደወለች፣ ያቺው ሴት ወጣች። ይህ የተለመደ አለመሆኑን ነግረውናል። የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፦ ደሙን ሦስት ቀን ያህል አሳድገው፣ ሴሉ ለሁለት ሊከፈል ሲል ያስቆሙታል፣ ስስ መስታወት ላይ አድርገው ያቀልሙታል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ባነሱት ፎቶ ላይ ያሉትን ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይደረድሯቸዋል። ከእያንዳንዳችን በሃያ ሴል ውስጥ ያሉትን ክሮሞዞሞች ቆጥራለች። እርሷ ያየችውን ሌላ ባለሙያ ደግሞ ያየዋል፣ ከዚያ ኃላፊው ይፈርማል። እንዳልተሳሳትሽ እንዴት ታውቂያለሽ ብላት «የዓለም ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. እስከ 1956 ድረስ የሰው ክሮሞዞም 48 ነው ሲሉ ኖረዋል፤ 46 መሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። ስለዚህ እኔ ደግሜ ደግሜ እቆጥራለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በእርሳስ ጫፍ አሳየችን። የእኔ ሁሉ በቦታው ነው። የባለቤቴ ሁለት ክሮሞዞሞች ጫፋቸው ተቀያይሯል። ምንም የጠፋ የለም፣ እርሱም ጤነኛ ነው፤ ለጽንሱ ሲተላለፍ ግን አንዳንዴ ጎድሎ ወይም ተርፎ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ያለውን አልጠየቅኩም፣ ብጠይቅም አይገባኝም።

ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነበር የሚታሰበው። አገር ቤት ያሉት አማቴ በደወሉ ቁጥር «ልጄ፣ ጸበል ግቢ» ይሉኝ ነበር፤ በክፋት አይደለም። ባለቤቴ ያን ዕለት ማታ ደውሎ «እማዬ፣ ነገሩ ከእኔ ነው፤ ምናልባት ከአንቺ ወይም ከአባዬ የወረስኩት ሊሆን ይችላል አሉኝ» አላቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ከእርሱ በፊትም ከእርሱ በኋላም የወጡባቸው ጽንሶች እንደነበሩ ነገሩን። ለማንም አልነገሩም ነበር። ለእኔ ደግሞ «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሸከሙትን ነገር ያቃለለችላቸው አንዲት በስም እንኳ የማያውቋት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት።

ከዚያ በኋላ የያዝኩት ጽንስ ጸና። ከእንሽርት ውሃው ተወስዶ ሲመረመርም የቆጠረችው እርሷው ናት። ሴት ልጃችን ዘንድሮ እየሮጠች ነው። የእርሷም እንደ አባቷ ተቀያይሯል፣ የጎደላት ግን የለም። ቁርጥ አባቷን ናት የሚሉን ሰዎች ምን ያህል እውነት እንደተናገሩ አያውቁም።

እባካችሁ፣ ደጋግሞ ከጨነገፈባችሁ የሁለታችሁም ክሮሞዞም ይታይ በሉ። ባልየው «እኔ ምን አለብኝ» ቢል አትስሙት፤ በእጁ ጎትታችሁ ውሰዱት። የሁሉም ሰው ምክንያት ይህ አይደለም፣ የብዙው ሌላ ነው፣ ግን ማየት ነው። ኢንሹራንሱ ቀድሞ እንዲፈቅድ አስደርጉ። ላቦራቶሪው እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ መሆኑን ጠይቁ፤ ናሙናችሁ በመኪና የሚጓዝ ከሆነ ዓርብ ከሰዓት አትስጡ። ልጆቻችሁ ባዮሎጂ የሚወዱ ከሆነም ይህ ሙያ እንዳለ ንገሯቸው። የአራት ዓመት ዲግሪና የሙያ ፈተና ያስፈልገዋል፤ እኛ ግን ሐኪምና ነርስ ብቻ ነው የምናውቀው።

የሆስፒታሉን ስም የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ። ስትሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ነጻ ነው፣ መብታችሁም ነው። በስልክ የመጣው አስተርጓሚ ድምፁ የማይሰማ ከሆነ አታፍሩ፣ ሌላ ይቀየርልን በሉ።