የወንድሜን ጉበት ላተረፉልን ክሊኒካል ፋርማሲስት

ሆስፒታል ገብቶ የዳነ ሰው ሐኪሙንና ነርሷን ያመሰግናል። ፋርማሲስትን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከመስኮት ጀርባ መድኃኒት ሲያቀብሉን ብቻ ነውና። እኔ የማመሰግናቸው በድንገተኛ ክፍል የሚሠሩ ክሊኒካል ፋርማሲስት ናቸው፤ ማለትም ከሐኪሞች ጋር ሆነው የሕሙማንን መድኃኒት የሚከታተሉ ባለሙያ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ አልጽፈውም።

ወንድሜ የጥርስ ሕመም ጠንቶበት ለቀናት ፓራሲታሞል ሲውጥ ሰነበተ። ጉንፋን ሲይዘው ደግሞ የጉንፋን መድኃኒት ደረበበት፤ እሱም ውስጥ ያው ፓራሲታሞል ነበረ። ማስታወክ ሲጀምረው ይዘነው ሄድን። ፋርማሲስቷ ባዶ ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ ሚሊግራሙን በወረቀት ደመሩ። ድምሩ ለአዋቂ በቀን ከሚፈቀደው 4 ግራም እጅግ ያለፈ ነበር። መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ሲወሰድ የደም ምርመራው ውጤት መድኃኒቱ ከተዋጠ ወዲህ ካለፈው ሰዓት ጋር በሰንጠረዥ ይመሳከራል። ለቀናት ተከፋፍሎ ለተወሰደ ግን ሰንጠረዡ አያገለግልም። ስለዚህ ከሐኪሙ ጋር ተመካክረው አሴቲልሲስቲን የተባለው የፓራሲታሞል ማርከሻ በደም ሥር ወዲያው እንዲጀመርለት አደረጉ።

ጠርሙሱ ሲከፈት የገማ እንቁላል ሸተተኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ ጸጉሯን የመንቀል ሕመም ላለባት እህቴ የአእምሮ ሐኪሟ ያዘዙላት እንክብል እንዲሁ ይሸታል። «ያው ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ያው ነው» አሉኝና ሥራ በዝቶባቸው ሳለ ቆመው አስረዱኝ። ጉበት ፓራሲታሞልን ሲያብላላ መርዛማ ተረፈ ምርት ይፈጠራል፤ ይህን የሚያከሽፈው ግሉታቲዮን የተባለ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። መጠኑ ሲበዛ ግሉታቲዮኑ ይሟጠጣል፣ አሴቲልሲስቲን ደግሞ መልሶ ይተካዋል። ከመጠን በላይ በአንድ ጊዜ ለወሰደ ሰው በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱን ከጉዳት የመጠበቅ ኃይሉ ከፍተኛ ነው፤ ቢዘገይም ይሰጣል።

ስለ እህቴም አላጋነኑልኝም። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ከተሳተፉ 50 አዋቂዎች መካከል እንክብሉን የወሰዱት ጸጉር መንቀላቸው ቀንሷል፤ በልጆች ላይ ሲሞከር ግን ከማስመሰያ ክኒን አልተሻለም። ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ድብርት በተባሉ የአእምሮ ሕመሞችም ከዋናው መድኃኒት ጋር ተደርቦ ተጠንቶ ውጤቱ ወጥ አልሆነም። «እህትዎን ከጠቀማት ከሐኪሟ ጋር ትቀጥል። ነገር ግን መርዝ ያረክሳል ብላችሁ ያንን እንክብል ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት» አሉኝ። ሻጭ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ የሚናገሩ አይመስለኝም።

ወንድሜ ድኖ ቤቱ ገብቷል። እናንተም ብዙ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካላችሁ ክሊኒካል ፋርማሲስት ያለበት ሆስፒታል ፈልጉና ማሸጊያዎቹን ሁሉ፣ የቪታሚኑንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል ስለሚችል ሕመም እስኪሰማው አትጠብቁ።